አንድ ጥያቄ በወርቅ አሸዋ

ወይዘሮ ሽታዬ በላቸው በባለአገር ቀናቸው የወርቅ አሸዋ መዝናኛን ዋና በር ሲያልፉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ በእጃቸው ጥቁር ጃንጥላ፣ በብብታቸው ሥር የታጠፈ አዲስ አቡጀዲ ይዘዋል። ጃንጥላውን ጥበቃዎቹ በር ላይ ተቀበሏቸው። ጥቁር ነገር የባሕር ዳርቻ ፎቶ ያበላሻል ተብሎ ከተከለከለ ቆይቷል። አቡጀዲው ነጭ ስለሆነ አለፈ።

«ደህና አደሩ፣ ውድ እንግዳ። ዳምጠው እባላለሁ፤ ዛሬ የማስጎበኝዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ውድ እንግዳ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ሽታዬ ነኝ። የጌጡ ሚስት። ወፍጮ ጠጋኙ ጌጡ። አንተ አታውቀውም፣ ልጅ ነህ።»

አውቀዋለሁ። የአባቴን ወፍጮ ሁለት ጊዜ ጠግኖልናል፤ ሁለተኛውን ጊዜ እንዲያውም ምሳ ሳይበላ አልሄድም ብሎ አስቆናል። ግን አስጎብኚ ከእንግዳ ጋር የግል ትውውቅ አያወራም። እጃቸው አንጓ ላይ የእንግዳ አምባር አሰርኩላቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምንለው ሁሉ ለአለቆቼ ይሰማል።

ባሕር የምንለው ሐይቁን ነው። በየዓመቱ ከፍ ይላል። መጀመሪያ የማሽላውን ማሳ በላ፣ ቀጥሎ የአውቶቡስ መናኸሪያውን፣ በመጨረሻ ዋርካ በር የምትባለውን ከተማችንን ከነቤተ ክርስቲያኗ ዋጠ። ማሳ ሲበላ ጎርፍ ይሉት ነበር። ከተማ ከዋጠ በኋላ ባሕር ዳርቻ አሉት። አሸዋውን በከባድ መኪና አመጡ፣ ዘንባባውን ከነሥሩ አመጡ፣ ማዕበሉን የሚሠራውን ማሽን ከውሃው ሥር ቀበሩ። እኛን ወደ ጋራው አወጡን። እንዳይከፋን ደግሞ የባለአገር ቀን ሰጡን፤ እያንዳንዱ የዋርካ በር ተወላጅ በሕይወቱ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ወርቅ አሸዋ ገብቶ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። በገዛ አገር እንግዳ መሆን እንደ ስጦታ ይቆጠራል። አብዛኛው ሰው ቀኑን እስኪያረጅ ድረስ ያስቀምጠዋል፤ ሳይጠቀምበት የሞተም ብዙ ነው።

ሽታዬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በአሸዋው ላይ ገና አሥር እርምጃ ሳንሄድ ቆሙ።

«ልንገርህ» አሉ። «እኔ ለመዝናናት አይደለም የመጣሁት። ጌጡን ልወስደው ነው።»

ነገሩን ጋራው ላይ የማያውቅ የለም። ከውሃው ሥር ባለችው በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ላይ የውሃ ውስጥ ምግብ ቤት ሊሠሩ ነው። ማክሰኞ ምሰሶ መትከል ይጀመራል። ሬሳቸው እዚያ ያረፈ ሰዎች ዘመዶቻቸው ከፈለጉ ጠላቂዎች ወርደው አጥንታቸውን አውጥተው ያስረክባሉ፤ ካልፈለጉ ባሉበት ሲሚንቶ ይፈስባቸዋል። ዘመድ የሚጠየቀው በአካል፣ በባለአገር ቀኑ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሽታዬ ለሟቹ ጋራው ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ለራሳቸው ከያዙት ቦታ ጎን መቃብር አስቆፍረውለታል። አቡጀዲው ለአጥንቱ ነው።

«ስጡኝ፣ ልያዝልዎ አትለኝም?» አሉኝ አቡጀዲውን እያሳዩ።

«ልያዝልዎ?» አልኩ።

«አይ፣ ተወው፣ ቀላል ነው።»

ተውኩት። እስከ ሦስት ቆጥሬ ተውኩት። ሽታዬ ትንሽ ገረመም አድርገውኝ መራመድ ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ጥያቄ ደንብ መናገር አለብኝ። መዝናኛው በተከፈተ ሰሞን ሠራተኛው ሁሉ የአገሬው ሰው ነበር፤ የአገሬው ሰው ደግሞ እንግዳ ሲያበላ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። አንድ የውጭ እንግዳ «ምነው አልበላህም፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እየተባለ አምስት ጊዜ ጎረሰና ታመመ። ከሰሰም። ከዚያ በኋላ ግድ ማለት ተከለከለ። እንግዳ አንዴ ይጠየቃል፤ መልሱ መልስ ነው። እስከ ሦስት ትቆጥራለህ፣ ሳህኑን ታነሳለህ፣ ፈገግ ብለህ ትሄዳለህ። ለዚህ ሦስት ወር አሠልጥነውናል። አብራን የሠለጠነች አንዲት ሴት ሳህኑን መልሳ ስትወስድ አለቀሰች፤ በዚያው አሰናበቷት። እኔ ጎበዝ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሠርቼ አንድም ቀን ግድ ብዬ አላውቅም። ልማዱ እቤቴም ገብቷል። እህቴ ከሩቅ መጥታ ምሳ ቀረበላት፣ «በልቻለሁ» አለች፣ ምግቡን አነሳሁት። ተርባ ሄደች። ሁለት ዓመት ሆናት፣ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ሚስቴ እስካሁን በዚህ ትወቅሰኛለች።

ደንቡን ለእንግዳ ማስረዳት ደግሞ መልስ ማስጠናት ይባላል። እሱም ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ዝግጅት በአሸዋ ላይ መራመድ ነው። አሸዋው ሌሊቱን ተበጥሮ ያድራል፤ እንግዳ በተሰመረለት መስመር ይሄዳል። ሽታዬ ጫማቸውን አውልቀው ከመስመሩ ወጡና እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ጎንበስ ብለውም ውሃውን በእጃቸው ነካ አድርገው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ወንበራቸው ላይ ተጋድመው ያያሉ።

«ይቺ ሴትዮ እግሯን እዚህ ነው እንዴ የምትታጠበው?» አለች ሚስትየዋ። ለእኔ ነው የተናገረችው፤ እሳቸውን አላየቻቸውም።

«የባለአገር ቀን ነው፣ ውድ እንግዳ» አልኩ።

«ለባለአገር የተለየ ቦታ የላችሁም?»

ባልየው ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠን። ሚስትየዋም አዞረች። ቀጥሎ ያለውም ረድፍ እንደ ተነጋገረ ሰው አንድ በአንድ ዞረ። ሽታዬ ጫማቸውን አጥልቀው ወደ መስመሩ ተመለሱ። ሃያ ደቂቃ ከጀርባዎች ፊት ተራመድን። ዝግጅቱ ሃያ ደቂቃ ስለሆነ ቀድሞ ማቆም አይቻልም።

በሦስት ሰዓት አዞ ማብላት፣ በአራት ሰዓት ማዕበል። ማዕበሉ ሲመጣ ሁሉም እንዲጮህ ይጠበቃል፣ አምባሩ ይቆጥራል። ሽታዬ «እሰይ» አሉ፣ ቀስ ብለው። አልተቆጠረላቸውም፤ ማዕበሉን ሁለት ጊዜ እንዲደግሙት ተደረገ። ሦስተኛው ላይ በጣም ጮኹ። ውሃው ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት አርሶት ነበር። አቡጀዲውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ይዘውታል፣ አንዲት ጠብታ አልነካውም።

ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ መውጣት ክልክል ነው። በመስታወት ጣሪያ ሥር ምሳ ቀረበ። አስተናጋጁ በሙቅ ሳህን ዓሣ ይዞ መጣ፤ ሽታውን ለስድስት ዓመት የማውቀው እኔ እንኳ አፌ ውሃ ሞላ።

«ዓሣ ልስጥዎት፣ ውድ እንግዳ?»

«ኧረ እኔ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳህኑ ሄደ። ሽታዬ ሳህኑን በዓይናቸው እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሸኙት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው ከጋራው በእግር ነው የወረዱት፤ ምንም አልበሉም።

«ስድ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናቱ አላስተማረችውም።»

አምባሩን አየሁ። ከምሳው ይማራሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነትም ተማሩ። አይስክሬም የሚያዞረው ልጅ ሲመጣና ሲጠይቅ፣ ወዲያው «እሺ» አሉ። አንዴ ተጠይቀው። በማንኪያ ቶሎ ቶሎ በሉት። ሲጨርሱ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ሸፍነው አንገታቸውን ደፉ፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«እንደ ራብተኛ» አሉ። «ሰባ ዓመት ኖሬ፣ ሲሉኝ ዘልዬ እሺ። ጌጡ ቢያየኝ ምን ይል?»

«ምንም አይደለም» አልኩ። ይሄ ይፈቀዳል።

«ምንም አይደለም ትላለህ። አንተ ለምደህ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ራሴን አላዋርድም፣ በማርያም።»

ያን ጊዜ ደንቡን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። እዚያች ወንበር ላይ፣ ከአሥር ሰዓቱ በፊት። የምላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ በአሥር ቃል ታልቃለች። አንጓቸው ላይ ያለው አምባር ደግሞ በአሥር ቃል መዝናኛው የሰጠኝን ቤት ይወስድብኛል።

በዘጠኝ ሰዓት የሩቅ ማያ መነጽር ወደተተከለበት ሰገነት ወጣን። እዚያ የሚታየው ጋራው ነው። ሰሌዳው ላይ «የጋራው ሕይወት፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ» ተብሎ ተጽፏል። በእነዚያ ሰዓታት እያንዳንዱ የጋራ ቤት ደጁ ላይ ነጭ ጨርቅ እንዲያሰጣ ይገደዳል፤ ከታች ሲታይ ያምራል። ጨርቁ ንጹሕም ቢሆን ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሽታዬ ያንን ሥራ ለአሥራ ሦስት ዓመት ሠርተውታል። አሁን መነጽሩ ላይ ዓይናቸውን ደቅነው የገዛ ደጃቸውን ፈለጉ።

«ዘርፌ የእኔን ተራ ሸፍናልኛለች፣ ትባረክ» አሉ ስለ ጎረቤታቸው፣ ደጃቸው ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አይተው። መነጽሩን ሳይለቁ «ከዚህ እንዲህ ነው የምንታየው?» አሉ።

«አዎ።»

«ምኑ ነው የሚታየው ታዲያ? ሰው አይታይም እኮ። ጨርቅ ብቻ ነው።»

ከኋላችን ተራ የያዘ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ወረድን።

የመጨረሻው ዝግጅት ወለሉ መስታወት የሆነው ጀልባ ነው። እንግዶች ከሁሉም የሚወዱት እሱን ነው፤ ከውሃው ሥር ያለች ከተማ በየትም አገር የለችም ይላሉ። ጀልባው በመናኸሪያው ላይ ያልፋል፣ በትምህርት ቤቱ ላይ ያልፋል፤ የተቀዳው ድምፅ «ደስተኛ ሕዝብ ይኖርባት ነበር» ይላል፤ እንግዶች ብርጭቆ ያጋጫሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በላይ ስንደርስ ሽታዬ ተንበርክከው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ደፉ። ውሃው ያን ቀን ጥርት ያለ ነበር። ከመኪና ዘንግ የተበየደው መስቀል፣ ጌጡ ራሱ ከመሞቱ በፊት የበየደው፣ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ ቆሟል።

«ያውና» አሉ። «ያውና፣ ዳምጠው። ቀጥ አድርጌ ነው ያስተከልኩት፣ ውሃው ነው ያዘመመው።»

«ራስዎን ከመስታወቱ ላይ ያነሳሉ?» አላቸው አንድ ጎልማሳ እንግዳ፣ ካሜራውን እንደያዘ። «ሌላም ሰው አለ።»

አነሱ። የትንፋሻቸው ጉም መስታወቱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሰውዬው በክርኑ ጠረገውና ፎቶውን አነሳ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቢሮ ገባን። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁሌም ቀዝቃዛ ነው። የዘመድ ጉዳይ ኃላፊዋ ትርሲት ትባላለች፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ አምራ የለበሰች፣ ድምጿ የተለሰለሰ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መብራት አለ። ጥያቄ ሲጠየቅ አረንጓዴ ይሆናል፣ መልስ ከተሰጠ በኋላ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በጠረጴዛው ጠርዝ ሥር፣ አስጎብኚው በሚቀመጥበት በኩል፣ ማብራሪያ የሚባል ቁልፍ አለ። አስጎብኚ የእንግዳው መልስ በትክክል አልተሰማም ብሎ ካመነ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ይጫነዋል፤ ጥያቄው እንደገና ይጠየቃል። ቁልፉን የተጫነ አስጎብኚ ግድ ብሎ እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ ከሠራተኞች ሰፈር ይወጣል። ስድስት ዓመት ስሠራ ሦስት ሰዎች ተጭነውታል። ተጣርቶላቸው የተመለሰ አላየሁም።

ትርሲት ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው፣ ወንበር ሳበችላቸው። ሽታዬ ቀኑን ሙሉ ያላገኙትን ክብር አገኙ፤ ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ። እኔ ያን ጊዜ ፈራሁ።

«ወይዘሮ ሽታዬ፣ ባለቤትዎ አቶ ጌጡ ያረፉበት ቦታ አሥራ አራት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው» አለች ትርሲት። «ሥራው ከባድ ነው። አራት ጠላቂዎች ሙሉ ቀን ይወርዳሉ። እኛ ግን ለእርስዎ ስንል ደስ እያለን እናደርገዋለን። አጽማቸው እንዲወጣልዎ ይፈልጋሉ?»

አረንጓዴ በራ።

ሽታዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ኧረ ልጆቼ» አሉ፣ «አራት ሰው ሙሉ ቀን? ስለ እኔ ብላችሁ ምን በወጣችሁ። አትቸገሩ፣ ይቅር።»

መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ።

እንኳን እኔ፣ ጋራው ላይ ያለ ድመት እንኳ ያውቀዋል። ይቅር ማለት፣ ደግማችሁ ጠይቁኝ ማለት ነው። ሰው ሲከበር እንዲህ ይላል። ሽታዬ ፊታቸውን ወደ ትርሲት ቀና አድርገው ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠብቃሉ፤ «ኧረ ችግር የለውም እማማ፣ ግዴለም» እስክትል፣ «እንግዲህ ካላችሁማ» ሊሉ ተዘጋጅተዋል።

ሁለተኛው ብልጭታ። እጄ ጠረጴዛው ሥር ነበር። ጣቴ ቁልፉን ነክቶታል፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። ሚስቴ ትዝ አለችኝ፣ ባለሁለት ክፍሉ ቤታችን ትዝ አለኝ፣ ውሃ የሚመጣበት ቧንቧችን። ስለ ጌጡ አላሰብኩም። ይህን የምጽፈው አስቤ ነበር ብዬ እንዳልዋሽ ነው።

ሦስተኛው። መብራቱ ጠፋ።

«መልስዎ ተመዝግቧል። ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን» አለች ትርሲት።

ሽታዬ ፈገግ እንዳሉ ቆዩ። «እና?» አሉ።

«አልቋል፣ ወይዘሮ ሽታዬ።»

«ምኑ ነው ያለቀው? መቼ ልምጣ?» አቡጀዲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መዘርጋት ጀመሩ። «ይኸው፣ መጠቅለያውን ይዣለሁ። እናንተ ምንም አትቸገሩም።»

«አይፈልጉም ብለው መልሰዋል።»

«ለወጉ ነው እኮ፣ ልጄ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ለወጉ ነው። ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሁት? ዛሬ የመጣሁት ለምን ሆነና? ዳምጠው፣ ንገራት። ጠዋት ነግሬሃለሁ አይደል?»

ትርሲት እኔን አላየችኝም፤ ወረቀቷን አየች። «እናቴም እንደርስዎ ናት» አለች፣ ያለ ክፋት። «ይገባኛል። ግን አጽሙን ፈልገው ቢሆን ኖሮ እፈልጋለሁ ይሉ ነበር። ሰው የሚፈልገውን ይናገራል። ቅጹ ከተዘጋ እኔም አልከፍተውም።»

«እፈልጋለሁ» አሉ ሽታዬ። «ይኸው አልኩ። እፈልጋለሁ። ስጡኝ።»

መብራቱ አልበራም። በሩ ራሱ ተከፈተ፤ ቀጣዩ ዘመድ ውጭ ቆሟል፣ እሱም ነጭ ጨርቅ በብብቱ ይዟል። ሽታዬ አቡጀዲውን አጣጥፈው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥመው፣ እንደ ቀድሞው አድርገው አነሱት። ሰውዬውን ሲያልፉት ቆም ብለው ሊናገሩት አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ ግን ክንዳቸውን ይዤ ነበር፣ አሳለፍኳቸው። መልስ ማስጠናት ክልክል ነው።

አምባሩ መውጫው ላይ ሲፈታ ቀኑ እንዴት እንደነበር ይጠይቃል። ሽታዬ አምባሩን ትንሽ አዩት።

«ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

ከፍተኛ እርካታ ብሎ መዘገበ።

ከበሩ ውጭ ማንም አይሰማንም። የጋራው መንገድ የሚጀምረው እዚያው ነው፤ አስፋልቱ ያልቅና ድንጋይ ይሆናል። ሽታዬ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

«ዳምጠው» አሉ። «የአገሬ ልጅ መሆንህን ከአነጋገርህ ለይቼሃለሁ። ይቅር ስል፣ ለወጉ መሆኑን አውቀኸዋል?»

«አላወቅሁም» አልኩ።

መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። ሁለተኛው መልስ አፌ ላይ ደርሷል፤ አውቄዋለሁ፣ እጄ ቁልፉ ላይ ነበር፣ ቤቴን አስቤ ተውኩት፣ ጌጡ የአባቴን ወፍጮ የጠገነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ተጠይቆ የሚነገር አይደለም። «እውነትህን ነው?» ቢሉኝ፣ «በሞቴ?» ቢሉኝ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተንበርክኬ ሁሉንም እነግራቸው ነበር።

ሽታዬ ፊቴን ረዘም አድርገው አዩ።

«እሺ» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።